ዘጠነኛው ወር እና የአው ሙሜ ዓይን

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ቢሮው ሁለት ሳጥን ለስላሳ ገዝቶ ሸኘኝ። አንድ ወጣት ባለሙያ ተነሥቶ፣ «የድሬዳዋ የአሸዋ ዝንብ በየትኛው ወር እንደምትበዛ፣ ስንት ዓይነት እንደሆነች ያወቅነው ጋሽ ተፈራ በለፉበት ሥራ ነው» አለ። ተጨበጨበ። ቆሜ እጅ ነሣሁ። ቤቴ ስገባ ግን ወረቀት አውጥቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ሥራው የእኔ አልነበረም። የእኔ የነበረው ስህተቱ ነው። የሥራው ባለቤት አሁን በሕይወት የለም። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ ብዬ አይደለም፤ የማይገባኝ ጭብጨባ ሲጨበጨብልኝ ይህ ሁለተኛዬ ስለሆነ ነው።

ድሬዳዋ የገባሁት ከአሰበ ተፈሪ ወዲያ ካለ ገጠር፣ ሚኤሶ ድረስ በእግሬ፣ ከሚኤሶ በባቡር ነው። ጉልበት ነበረኝ፣ ፊደል አልነበረኝም። ዲዲቲ ረጪ ሆኜ ተቀጠርኩ። ጀርባዬ ላይ ታንክ አዝዬ፣ አፌን በነጠላ ቁራጭ አስሬ፣ የሰው ግድግዳ ነጭ ሳደርግ ስንት ዓመት ኖርኩ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ትንሽ ሆኖ ቀረ፤ ስለ እሱ የማወራው የለኝም። አለቆቼም ብዙ ነበሩ። በንጉሡ ጊዜ የነበረው ከመኪና የማይወርድ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ የመጣው ጓድ ጌታሁን ከመድረክ የማይወርድ ነበር። ዝንብ በዓይኑ ያየ አለቃ ግን አልገጠመኝም።

ዝንብ የሚያየው አው ሙሜ ነበር። የመጋላ ሰፈር ሰው ነው፤ እዚያው ተወልዶ እዚያው ያረጀ። ወጣት ሳለ ከፈረንጆች ጋር ትንኝ ሲለቅም ማይክሮስኮፕ አስተምረውታል። ድሬዳዋ «አንቱ» የሚሉት ነገር ብዙም አይታወቅምና፣ «አለ፣ ሄደ» እያልኩ ብጽፍ ንቄው አይደለም፤ «አው» ራሱ ማክበሪያ ነው። እሱም እኔን ሲጠራ «ወሪያ»፣ «አንተ» እንደማለት፣ ነው የሚለው፤ ስሜን ከጠራኝ ተቆጥቷል ማለት ነው።

ያኔ የምሥራቁ ጦርነት ገና አብቅቶ ነበር። ከቆላው የተመለሱ ወታደሮች ሆዳቸው አብጦ፣ ክንዳቸው እንደ ሸምበቆ ቀጥኖ ሐኪም ቤት ይገቡ ጀመር። በሽታው ካላ አዛር ነው፣ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት ተባለ። ሁርሶ ማሰልጠኛው ቅርባችን ነው፤ የሚመጣውም የሚሄደውም ወጣት በድሬ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ከዋናው መሥሪያ ቤት ትእዛዝ መጣ፦ ዝንቧ ከተማው ውስጥ አለች ወይ? የትኛዋ ዓይነት ናት? በየትኛው ወር ትበዛለች? ወሩ ዋናው ጥያቄ ነበር፤ የተመደበልን መድኃኒት ለአንድ ዙር ብቻ ነው የሚበቃው። አንድ ወር የመምረጥ ጉዳይ ነው። ከተሳሳትን ሁለተኛ ዕድል የለም።

አው ሙሜ ረዳት አድርጎ እኔን መረጠኝ። ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ረዥም ነህ፣ ጣሪያ ትደርሳለህ» አለኝ። «ደግሞ ብዙ አታወራም። ዝንብ ወሬ አትወድም።»

መጀመሪያ ያስተማረኝ ስሟ ውሸት መሆኑን ነው። የአሸዋ ዝንብ አሸዋ ውስጥ አትኖርም። የግንብ ስንጥቅ፣ የአይጥ ጉድጓድ፣ የበረት ጥግ፣ የሽንት ቤት ግድግዳ ውስጥ ነው ቀን የምትውለው። ከትንኝ ታንሳለች፣ ድምፅ የላትም። ስታርፍ ክንፏን አታጥፍም፤ ሽቅብ ከፍታ ትይዘዋለች። ስትነካት አትበርም፣ ትዘላለች። «የምትዘል ነገር ካየህ እሷ ናት» ይል ነበር። «የምትበር ካየህ ተዋት፣ የሌላ ቢሮ ናት።»

ወጥመዳችን ነጭ ወረቀት ነው። ወረቀቱን የጉሎ ዘይት አጠጥተን፣ በሸምበቆ ስንጥር ሰክተን፣ አመሻሹ ላይ ስንጥቁ አፍ ላይ እናቆማለን። ጠዋት ስንመለስ ተለጥፋ ትገኛለች። በቀጭን ብሩሽ እያነሣን አልኮል ያለበት ብልቃጥ ውስጥ እንከታለን። ከመጋላ የድሮ ግንቦች ጀምረን፣ የከዚራ ሰፈርን ዛፍ ያለባቸውን ግቢዎች ይዘን፣ ያኔ ገና እርሻ የበዛበትን ሳቢያን ነክተን፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር እንጨርሳለን። በየወሩ አጋማሽ ላይ ሦስት ቀን። አው ሙሜ ቀን አያዛባም ነበር፤ ጾም ቢሆን፣ ጎርፍ ቢሆን።

ደቻቱ ዳር ያለው ቤት ቁጥር አራት የአዴ ፋጡማ ነበር። ፍየል ታረባለች፤ በረቷ ለዝንብ ቤተ መንግሥት ነው።

«ወሪያ፣ ዘይት የጠጣ ወረቀት ይዘህ መጣህ?» ትለኝ ነበር። «ቀበሌ ዘይት ከጠፋ ሁለት ወር ሆነው። ዘይቱን ለእኔ ስጠኝ፣ ዝንቧን በነጻ ውሰድ።»

«የጉሎ ነው አዴ ፋጡማ፣ ከጠጣሽው ያስቀምጥሻል።»

«ሆዴ ውስጥ ምን አለና ያስቀምጠኛል?»

ለአው ሙሜ ግን አትቀልድም። እሱ በረቱ ውስጥ በጉልበቱ ተንበርክኮ በጎማ ቱቦ ዝንብ ከግድግዳ እየማገ ሲለቅም፣ ፍየሎቹን ይዛለት ትቆም ነበር።

ብልቃጥ ውስጥ ደግሞ መለያ ወረቀት ይገባል፦ ሰፈሩ፣ የቤቱ ቁጥር፣ ቀኑ፣ ወሩ። በእርሳስ ነው የሚጻፈው፤ ቀለም ከሆነ አልኮሉ ያጥበዋል። ወረቀቷ የጥፍር ያህል ናት። አው ሙሜ ዓይኑ ለቅርብ ጽሑፍ ደክሞ ነበር፤ አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ሁሉ የሚሆነው ነው። ለማይክሮስኮፕ ግን ይህ ምንም አይደለም። እዚያ መሣሪያው ራሱ እንደየሰው ዓይን ይስተካከላል። ይህን ጠንቅቄ አውቅ ነበር። ኋላ ያወቅሁት እንዳይመስላችሁ።

በዚያው ሰሞን መሠረተ ትምህርት ታወጀ። ቀበሌ አዳራሽ ከልጆቼ እኩያ አስተማሪ ፊት ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ። በሰባት ወር አነበብኩ። ቁጥር ደግሞ ከፊደሉ ቀደመኝ። የምስክር ወረቀት ሲሰጠኝ ደረቴ ሊፈነዳ ነበር። በማግስቱ ቢሮ ገብቼ፣ «አው ሙሜ፣ መለያውን ከእንግዲህ እኔ ልጻፍ» አልኩት።

ደስ አለው። «ጻፍ» አለ። «ቀኑን ከግድግዳው ገልብጥ።»

ግድግዳው ላይ አንድ ነጋዴ የሰጠን የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። የእኛ ቀን በትልቁ፣ የፈረንጁ ከሥሩ በትንሹ የታተመበት። አው ሙሜ ከፈረንጅ ጋር ስለተማረ ዕድሜውን በሙሉ የጻፈው ትንሹን ነው። ሌላ የሚገለበጥ ነገር መኖሩ ራሱ አልታየውም። እኔ ደግሞ ትልቁን ገለበጥኩ። አስተማሪዬ ያለኝ መስከረም አንደኛ ወር ነው፤ ግንቦት ዘጠነኛ ነው። በትልቁ የተጻፈ እያለ ትንሹን ማን ያያል?

ዓመት መለያው ላይ አይጻፍም፤ ቦታ የለውም። ዓመቱን አው ሙሜ ራሱ ሳጥኑ ላይ በቀለም በትልቁ ጻፈው፤ በፈረንጅ። እንግዲህ ሳጥኑ በፈረንጅ ይናገራል፣ በውስጡ ያሉት ብልቃጦች በአበሻ ይናገራሉ። ጳጉሜን ላይ ወጥመድ አልዘረጋንም፤ አምስት ቀን ብቻ ናትና ተራው አይደርሳትም። ዘርግተን ቢሆን ኖሮ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር ፈረንጅ ስለማያውቅ፣ ስህተቱ ያኔውኑ ይያዝ ነበር። ይህን እስካሁን ተኝቼ አስበዋለሁ።

ዓመቱ ሲሞላ ቆጠራ ተጀመረ። አው ሙሜ ማይክሮስኮፑ ላይ ይጎነበሳል፤ እኔ ብልቃጡን ከፍቼ መለያውን እያነበብኩ ከጎኑ እቀመጣለሁ። ግራ እጁ ላይ የጸሎት መቁጠሪያውን፣ ተስቢሁን፣ ይዟል፤ አንድ ዝንብ፣ አንድ ጨሌ። እያንዳንዱን ብልቃጥ ሦስት ጊዜ ይቆጥራል፤ ሦስቱ ካልገጠሙ አራተኛ። ለዓይነቶቹ የራሱ ስም ነበረው። ሆዷ ላይ ያለው ጸጉር ቀጥ ብሎ ከቆመ «የቆመች» ይላታል፤ ሰው የምትነክሰው እሷ ናት። ጸጉሩ ከተጋደመ «የተኛች» ናት፤ እሷ እንሽላሊት ነው የምትነክሰው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ዝርዝር ከጉሮሮዋ ጥርስ ይለያል። ወንዱን ከኋላው ባለው መቆንጠጫ ያውቀዋል። እኔ በአንድ ቀን የማልጨርሰውን እሱ ከዙህር፣ ከቀትር ሶላት፣ በፊት ያጠናቅቅ ነበር።

አንድ ቀን የአዴ ፋጡማን በረት ብልቃጥ ከፈትኩ። ጥቅጥቅ ያለች ነበረች። «አሥራ ሁለት፣ ዘጠኝ» ብዬ አነበብኩ።

አው ሙሜ ቀና አለ። «ዘጠኝ? ሰፕቴምበር ይሄን ያህል?»

ሰፕቴምበር የምን ስም እንደሆነ አላውቅም ነበር። ያልገባኝን መጠየቅ ደግሞ የመሃይም ነገር መሰለኝ። «ዘጠኝ ይላል» አልኩ።

እንደገና ቆጠረ። አራት ጊዜ። «እሺ፣ ጻፍ» አለ፤ ግን ከዚያ በኋላ ያን ቀን አልተጫወተም።

ውጤቱ ተልኮ ከዋናው መሥሪያ ቤት የየወሩን ብዛት በሥዕል የሚያሳይ ገበታ ተሠርቶ መጣ። ዝንቧ በሰፕቴምበር ትበዛለች ይላል፤ ስለዚህ ርጭቱ በነሐሴ ይሁን። አው ሙሜ ገበታውን ሲያብራሩለት ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ ድሬ አይደለም» አለ። የሰማው የለም። በነሐሴ ረጨን። መስከረም ሲጠባ ሰው ለበዓል ግድግዳውን በጭቃ መረገ፤ መድኃኒቱ ከጭቃ በታች ተቀበረ። ግንቦት ሲደርስ ዝንቧ እንደልቧ ወጣች። ሰፈሩ በሙሉ ትኩሳት ይዞት ሦስት ሦስት ቀን ተኛ፤ የሚረጭ ነገር ግን መጋዘን ውስጥ አንድ ኪሎ አልቀረንም። አዴ ፋጡማ መንገድ ላይ አገኘችኝ። ክንዷ በሙሉ ነጠብጣብ ነው።

«ጦሙን የዋለ ሰው ጀምበር ሳትጠልቅ፣ መግሪብ ሳይደርስ አፈጠረ፣ መግሪብ ሲደርስ ጦም ያዘ» አለችኝ። «እናንተ እንዲህ ናችሁ።»

በሰኔ ስብሰባ ተጠራ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤና ከብልቃጦቹ ጥቂቶቹ ተመልሰው መጥተዋል። ጓድ ጌታሁን መድረክ ላይ ቆሞ፣ «ይህ ስህተት ነው ወይስ አሻጥር?» ብሎ ጀመረ። አሻጥር የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ምን እንደሚያስከትል ለሚያውቅ አልነግረውም። ገበታው ከኋላው ተሰቅሏል። አው ሙሜን አስነሣው።

«ጓድ ሙሜ፣ ይችን አንብብልን» ብሎ አንዲት መለያ ወረቀት ሰጠው።

አው ሙሜ ወረቀቷን አቀረበ፣ አራቀ፣ ወደ መስኮቱ ዞረ። «አቦ፣ ይቺ ደቃቅ ናት» አለ።

«መዳፍህ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያላየህ ሰውዬ፣ የዝንብ ጸጉር ቆሟል ተኝቷል እያልክ ነው ስትነግረን የኖርከው?»

አዳራሹ ሳቀ። አብሬያቸው ያልሳቅሁት ጨዋ ሆኜ አይደለም፤ ቀጥሎ ዓይኑ ወደ እኔ ሲመጣ ስላየሁት ነው።

«ጓድ ተፈራ፣ አንተ አንብብ። ፊደል የቆጠረ ሰፊው ሕዝብ ያንብብልን።»

ተነሥቼ ተቀበልኩ። የራሴ እጅ ጽሑፍ ናት። «ደቻቱ። ቤት አራት። አሥራ ሁለት፣ ዘጠኝ» ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ቀና ስል ዓይኔ ገበታው ላይ አረፈ። ከረዥሙ ዓምድ ሥር «9» ተጽፏል፤ ከዘጠኙ ሥር በአማርኛ «መስከረም»። ያን ጊዜ ገባኝ። የእኔ ዘጠኝ ግንቦት ናት። እዚያው አዳራሽ ውስጥ እውነቱን በአፌ አንብቤዋለሁ፤ የሰማው የለም። አጨበጨቡልኝ። የመጀመሪያው ጭብጨባ ይህ ነው።

አንዲት ቃል ነበረች የቀረችኝ፤ «ስህተቱ የእኔ ነው» ማለት። አላልኩም። ፈራሁ። አሻጥር ተብዬ እወሰዳለሁ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ልንገራችሁ፣ ማንበብ የማያውቅ ነው ተብዬ መልሶ እንዳይሳቅብኝ ፈራሁ። ተቀመጥኩ።

አው ሙሜ ግለ ሂስ እንዲያደርግ ታዘዘ። «ጓዶች» አለ፤ ቃሉ አፉ ላይ አይመቸውም ነበር። «እኔ እዚሁ ነው የተወለድኩት። ዝንቧ በግንቦት እንደምትበዛ ገላዬ ያውቃል። ወረቀቱ ግን ሌላ ይላል። የቆጠርኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አልነካውም። እንግዲህ ዓይኔ ነው።»

አሻጥርነቱ ቀረለት። መጋዘን ጠባቂ ተደረገ፤ ባዶ በርሜልና የተቀደደ ጆንያ ይጠብቃል። በማይክሮስኮፑ በርጩማ ላይ እኔ ተቀመጥኩ። ከዚያ ጀምሮ ወሩን በቁጥር ጽፌ አላውቅም፤ «ግንቦት» እያልኩ በፊደል ነው የምጽፈው። ለምን እንደሆነ የጠየቀኝ የለም። በቀጣዩ ዓመት በእኔ ቆጠራ ገበታው ተስተካከለ፤ ዝንቧ በግንቦት ትበዛለች ተባለ፤ የተፈራ ቆጠራ ከሙሜ ቆጠራ ይበልጣል ተባለ። አንድ ዓይነት ዝንብ፣ አንድ ዓይነት ቁጥር ነበር። የቆመችውን ከተኛችው መለየት ያስተማረኝም እሱ ነው።

እንዲህ ሆነን ዓመታት አለፉ። በመጋዘኑ በር በየቀኑ አልፋለሁ፤ ሰላም እንባባላለን። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው አንድ ጠዋት አስቆመኝ።

«ወሪያ፣ ግንቦት ላይ አሁንም ትበዛለች?»

«ትበዛለች።»

«እንግዲያ እኔ ምን ነበር ያየሁት?»

ይህን ጥያቄ ያን ሁሉ ዓመት ለራሱ ሲጠይቅ እንደኖረ ከድምፁ ገባኝ። ባዶ በርሜል ላይ ተቀምጬ ነገርኩት። ትልቁን ቁጥር፣ ትንሹን ቁጥር፣ ሳጥኑን፣ አዳራሹን። ተስቢሁን መግፋት አቆመ።

«ቆጠራዬ ልክ ነበር?»

«ልክ ነበር።»

«የቆመችውም? የተኛችውም?»

«ሁሉም።»

«ተፈራ» አለኝ፣ በስሜ። «ዓይኔ ሞቷል ብዬ ቁርኣኔን ለልጄ ሰጠሁ። እሷ ስትቀራ እኔ እሰማለሁ። መነጽር ግዛ ሲሉኝ ለሞተ ዓይን ምን ያደርጋል አልኩ። አሁን እውነትም ሞራ ገብቶበታል። ያኔ ግን ደህና ነበር በለኛ።»

ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

«ጻፈው» አለ። «መጻፍ ትችል የለ? ጽፈህ ለቢሮው ስጥ። ሳልወጣ አዳራሹ ውስጥ ይነበብ። የሳቁት ይስሙት። ሌላ አልፈልግም።»

«እሺ።»

«ቀኑን ግን በማን አቆጣጠር እንደሆነ ጻፍበት» አለ። አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም።

ጻፍኩት፤ አንድ ገጽ። ለአዲሱ ኃላፊ ወስጄ ሰጠሁት። አነበበው፤ ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ መልሶ ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋው።

«ይሄ ከተመዘገበ መጀመሪያ የምትጠየቀው አንተ ነህ» አለኝ። «ሰውየው ሁለት ወር ነው የቀረው። ጡረታው አይጨምርለት አይቀንስበት። ለማን ብለህ ነው?»

ለማን ብዬ እንደሆነ አውቅ ነበር። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። በማግስቱ አው ሙሜ የመጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ገባ?»

«ገባ» አልኩት።

ሁለቱን ወር ሙሉ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። እንዳያመልጠው ፊተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሰብሳቢው «ሌላ አጀንዳ ከሌለ» ባለ ቁጥር አንገቱን ወደ መድረኩ ያሰግጋል። ሌላ አጀንዳ አልነበረም። ሰው ተነሥቶ ሲያልቅ ወንበሩን በእጁ እየዳበሰ ይወጣል። አንድም ቀን ስለ ወረቀቱ ደግሞ አልጠየቀኝም።

በመጨረሻው ቀን መጋዘኑን እንድረከብ የተላክሁት እኔ ነበርኩ። በርሜሉን፣ ጆንያውን፣ የተሰበሩትን ፓምፖች አብረን ቆጠርን፤ እሱ ሦስት ሦስት ጊዜ በእጁ እየነካ። ከዚያ የርክክቡን ወረቀት በርሜል ላይ ዘረጋሁለት።

«የቱ ጋ ነው የምፈርመው?» አለ።

ጣቱን ይዤ መስመሩ ላይ አኖርኩለት። ፈረመ። ወረቀቱ ምን እንደሚል አልጠየቀኝም።